ጉድጓዱ ከመመረቁ በፊት፡ የቀበሌያችሁን ውሃ እንዴት ታስመረምራላችሁ

ሰላም ወገኖች። ይሄን የምጽፈው ሁለት አይነት ሰው አስቤ ነው። አንዱ ገጠር ውስጥ የውሃ ኮሚቴ ተብሎ ተመርጦ ያለ ደሞዝ የሚለፋው ነው፣ ሌላው ደሞ አሜሪካ ወይ ስዊድን ወይ ሪያድ ሆኖ ከአገሩ ልጆች ጋር ብር እያዋጣ "ለቀበሌያችን ጉድጓድ እናስቆፍር" የሚለው ነው። ሁለታችሁም ልባችሁ ቅን ነው፣ ግን ብዙ ግዜ ሁለታችሁም አንድ ቦታ ላይ ትሳሳታላችሁ፤ ውሃው ሲወጣ እልል ይባላል፣ ጥርት ያለ ነው፣ አንድ ሽማግሌ በኩባያ ተቀድቶላቸው ይቀምሱና "ተመስገን፣ ጥሩ ውሃ ነው" ይላሉ፣ ሪባኑ ይቆረጣል፣ በቃ አለቀ። የላብራቶሪውን ወረቀት የጠየቀ ሰው የለም።

እኔ ይሄን ነገር ያየሁት ልጆች ጥርስ ላይ ነው። ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ስሟን የማልጠቅሳት አንዲት ቀበሌ ለስራ ሄጄ ቦኖው ጋ ቆሜ፣ ጀሪካን ይዘው የተሰለፉ ልጆች ፎቶ አንሳን ብለው ከበቡኝ፣ ሲስቁ የፊት ጥርሳቸው በልዟል፣ የአንዳንዱማ ተቦርቡሯል። የ10 እና የ11 ዓመት ልጆች ናቸው እኮ። አንዷ ልጅ ካሜራው ወደሷ ሲዞር አፏን በእጇ ሸፈነች። እናትየዋን ስጠይቃት "አይ፣ የዚ አገር ልጅ ጥርሱ እንዲህ ነው" አለችኝ። በኋላ የጉድጓዱን ፋይል ስናገላብጥ የውሃው ፍሎራይድ (ሲበዛ ጥርስና አጥንት የሚጎዳ ማዕድን ነው) ከሚፈቀደው በላይ ነው የሚል ወረቀት ተገኘ። ማህተም አለው፣ ፊርማ አለው፣ የደረሰው ጉድጓዱ ከተመረቀ ከወራት በኋላ ነው፣ ለቀበሌው ሰው ግን ማንም አልነገረም። ምርመራው ተደርጓል፣ ውጤቱ መሳቢያ ውስጥ ቀርቷል። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ያቺን ወረቀት በግዜዋ ከመሳቢያ ስለማውጣት ነው።

መርማሪው ከቆፋሪው ይለይ

የቆፈረው ሰው ራሱ መርምሮ ራሱ "ንጹህ ነው" ሊል አይገባም። ይሄ ሰውን መጠርጠር አይደለም፣ የአለም ጤና ድርጅት መመሪያም የሚለው ይሄንኑ ነው፤ ውሃ የሚያቀርበው አካል የየእለት ቁጥጥሩን ያደርጋል፣ ከሱ ውጪ ያለ ሌላ አካል ደሞ በራሱ እጅ ናሙና ወስዶ ያረጋግጣል። በኛ አገር አሰራር ውሃ ጽ/ቤቱ ያቀርባል፣ የጤናው ዘርፍ ጥራቱን ይከታተላል። እ.ኤ.አ. በ2013 የተጀመረው ዋን ዋሽ የሚባለው የአገር አቀፍ የውሃና የንጽህና ፕሮግራም ውሃ፣ ጤና፣ ትምህርትና ገንዘብ ሚኒስቴሮችን አንድ ላይ ያሰረው አለምክንያት አይደለም (ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ስለዚ የውሃ ጽ/ቤት በር ቢዘጋባችሁ ሌላ በር አላችሁ፣ ጤና ጣቢያ ሂዱ፣ የጤና ኤክስቴንሽኗን አናግሯት።

ነገሩ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ባንግላዴሽን እዩ። ህጻናት በኩሬ ውሃ በተቅማጥ እያለቁ ነበር፣ ስለዚ ከ1970ዎቹ ጀምሮ በሚሊዮን የሚቆጠር የእጅ ፓምፕ ጉድጓድ ተቆፈረ፣ ሀሳቡ በጣም መልካም ነበር። አርሴኒክ ግን የመረመረ አልነበረም። በ1993 ሲታወቅ በአስር ሚሊዮኖች የሚቆጠር ህዝብ ለዓመታት ሲጠጣው ኖሯል። ከጀርም ሸሽቶ መርዝ ላይ መውደቅ ማለት ይሄ ነው።

የኛ አርሴኒክ ፍሎራይድ ነው። ወንጂ ስኳር ፋብሪካ በ1950ዎቹ ሲቋቋም ሰራተኛው ከጉድጓድ ነበር የሚጠጣው፣ ዓመታት ካለፉ በኋላ ጀርባቸው የደረቀ፣ አንገታቸውን ማዞር ያቃታቸው፣ ጎንበስ ብለው የቀሩ ሰራተኞች መታየት ጀመሩ። የነርቭ ሀኪሙ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖት በስምጥ ሸለቆ ፍሎራይድ ላይ ለዓመታት የሰሩት ጥናት ባይኖር ይሄን ነገር እስከዛሬ "የአገሩ አየር ነው" እያልን እንኖር ነበር። ምክንያቱ ድንጋዩ ነው፤ ስምጥ ሸለቆ የእሳተ ገሞራ አገር ነው፣ የከርሰ ምድሩ ውሃ ብዙ ቦታ ላይ ሶዲየሙ ከፍ ያለ ካልሲየሙ ደሞ ያነሰ ነው፣ ካልሲየም ሲያንስ ፍሎራይዱን የሚይዘው ስለሌለ ውሃው ውስጥ ሟሙቶ ይቀራል። ቀለም የለው፣ ሽታ የለው፣ ቀምሳችሁም አታውቁትም።

ከመቆፈሩ በፊት የሚጠየቅ

ብር ከመላካችሁ ወይ መሬት ከመስጠታችሁ በፊት አንድ ጥያቄ ጠይቁ፣ "በአካባቢው ያሉት ጉድጓዶች ውጤታቸው ምን ይላል?" ይሄ ምንም ወጪ የለውም። ጎረቤት ቀበሌ ያለው ጉድጓድ ጥልቀቱ ስንት ነው፣ ስንት ሊትር ይሰጣል፣ ፍሎራይዱ ስንት ነው፣ ጨዋማነቱስ። ወረዳው ወይ ዞኑ ጋ ፋይል ይኖራል፣ ከሌለ ደሞ ከነዛ ጉድጓዶች ላይ አንድ አንድ ሊትር ቀድታችሁ ላብራቶሪ መላክ ትችላላችሁ፣ ለአንድ ጉድጓድ ከሚወጣው ብር አንጻር ኢምንት ናት። በዚያ ላይ ሰዉን እዩ፤ እዛው ተወልደው ያደጉ ልጆች ጥርሳቸው ከበለዘ ውሃው እየነገራችሁ ነው። ጥርስ የሚበልዘው ድድ ውስጥ እያለ ሲሰራ ነው፣ እስከ 8 ዓመት ገደማ ባለው ግዜ፣ ስለዚ የ10 ዓመት ልጅ ጥርስ ከ10 ዓመት ወዲህ የተጠጣውን ውሃ ያሳያችኋል ማለት ነው።

ሃይድሮጂኦሎጂስት (የከርሰ ምድር ውሃ ባለሙያ) ሳያጠና ቦታ አይመረጥ። "እዚህ ጋ ይሻላል ለመንገዱ ቅርብ ነው" ተብሎ የተቆፈረ ደረቅ ጉድጓድ ስንት አለ። ጥናቱን የሰራው ሰው ሪፖርቱን በጽሁፍ ይስጣችሁ፣ ፈርሞበት።

ፓምፒንግ ቴስቱ ላይ አትተኙ

ጉድጓዱ ካለቀ በኋላ ውሃው ያለማቋረጥ እየተሳበ ምን ያህል እንደሚወርድ ይለካል፣ ፓምፒንግ ቴስት የሚሉት እሱን ነው። 24 ሰዓት፣ አንዳንዴም 48 እና ከዛ በላይ ይሄዳል፣ ከዛ ፓምፑ ይጠፋና ውሃው ወደ ቦታው ሲመለስ ደሞ ይለካል። እዚህ ላይ ነው ችኮላ የሚመጣው፣ ነዳጅ ያልቃል፣ ሰው ይደክመዋል፣ አምስት ስድስት ሰዓት ስበው "በቃ ይበቃል" ይላሉ። ከኮሚቴው አንድ ሰው ሌሊትም ቢሆን በተራ ይቀመጥ፣ ደብተር ይያዝ፣ ከመሳብ በፊት ውሃው ስንት ሜትር ላይ እንደነበረ፣ በየሰዓቱ ስንት ላይ እንደደረሰ ከለኪው እየጠየቀ ይጻፍ። ምህንድስና መማር አይጠበቅበትም፣ ቁጥር መጻፍ በቂ ነው።

ሂሳቡም እንዲህ ነው። ጉድጓዱ በሰከንድ 2 ሊትር ይሰጣል ተባለ እንበል፣ ፓምፑ በቀን 8 ሰዓት ቢሰራ 57,600 ሊትር ይሆናል። የሁለተኛው የእድገትና ትራንስፎርሜሽን እቅድ ለገጠር ያስቀመጠው ለአንድ ሰው በቀን 25 ሊትር ነው፣ ስታካፍሉት ወደ 2,300 ሰው ይሆናል። ቀበሌው 6,000 ሰው ካለው "ችግሩ ተቀረፈ" የሚለው ንግግር ልክ አይደለም፣ ይሄን ከምርቃቱ በፊት ማወቅ ደሞ ከምርቃቱ በኋላ ወረፋ ላይ ከመጣላት ይሻላል።

ናሙና ሲወሰድ አብራችሁ ቁሙ

ከሁሉም በላይ እዚህ ላይ እንድታተኩሩ እለምናችኋለሁ፣ ምክንያቱም አወሳሰዱ ከተበላሸ የላብራቶሪው ማሽን የቱንም ያህል ውድ ቢሆን ውጤቱ ዋጋ የለውም። አሜሪካ ሚሺጋን ውስጥ ያለችውን የፍሊንት ከተማ ታሪክ የሰማችሁ ትኖራላችሁ። በ2014 ከተማዋ የውሃ ምንጯን ወደ ፍሊንት ወንዝ ቀየረች፣ ቧንቧውን ከመበላት የሚከላከለው ኬሚካል ሳይጨመር ቀረ፣ ከአሮጌው ቧንቧ እርሳስ ወደ ውሃው መግባት ጀመረ። ነዋሪው ሲጮህ ኃላፊዎቹ "መርምረናል፣ ደህና ነው" ይሉ ነበር። ግን ናሙና የሚቀዳው ሰው በዋዜማው ማታ ቧንቧውን ከፍቶ ውሃውን ቀድሞ እንዲያፈስ ይነገረው ነበር፣ እንደዛ ሲሆን ደሞ በቧንቧው ውስጥ ቆሞ እርሳስ የያዘው ውሃ ይሄድና የሚለካው ያነሰው ይሆናል። በ2015 የቨርጂኒያ ቴክ ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር ማርክ ኤድዋርድስና ቡድኑ ከነዋሪዎቹ ጋር ሆነው በትክክል ሲቀዱ፣ የህጻናት ሀኪሟ ዶክተር ሞና ሃና አቲሻ ደሞ የልጆቹን የደም ውጤት ስታወጣ ነው እውነቱ የወጣው። አገሩ ሀብታም ነው፣ ላብራቶሪ ሞልቷል፣ ቢሆንም ከውጪ የሚያይ ዓይን ባይኖር ኖሮ ነገሩ ተዳፍኖ ይቀር ነበር።

እና እናንተ ጋ ሲመጡ ይሄን እዩ። ለጀርም ምርመራ የሚመጣው ጠርሙስ የተቀቀለና የታሸገ መሆን አለበት፣ ክሎሪን ላለበት ውሃ ከሆነ ውስጡ ትንሽ ዱቄት ነገር ይኖረዋል፣ ክሎሪኑን እንዲያቆም ነው፣ ስለዚ ያን ጠርሙስ በውሃ እንዳያለቀልቁት። የቦኖው አፍ በአልኮል ይጸዳል ወይ ብረት ከሆነ በእሳት ይለበለባል፣ ከዛ አንድ ሁለት ደቂቃ ውሃው ይፈስሳል፣ ከዛ ነው የሚቀዳው። ክዳኑን መሬት ላይ ማስቀመጥ የለም፣ የክዳኑን ውስጥ በጣት መንካት የለም፣ ጠርሙሱ እስከ አፉ አይሞላም። ወዲያው በረዶ ያለው ሳጥን ውስጥ ገብቶ በ6 ሰዓት ውስጥ ላብራቶሪ ቢደርስ ጥሩ ነው፣ ቢበዛ ቢበዛ 24 ሰዓት። መኪናው ኮፈን ላይ ፀሃይ እየመታው የዋለ ጠርሙስ ካያችሁ በትህትና "እባካችሁ እንደገና ይቀዳልን" በሉ፣ አትፈሩ።

ለኬሚካሉ ደሞ ሌላ እቃ ነው፣ ንጹህ ፕላስቲክ፣ እሱ በራሱ በውሃው ሶስት ግዜ ተለቅልቆ ይሞላል። ፍሎራይድ በብርጭቆ ጠርሙስ አይሄድም። እና ክሎሪን፣ ድፍርስነትና ፒኤች (የአሲድነት መለኪያው) እዛው ቦኖው ስር ነው የሚለኩት፣ እስከ ላብራቶሪ ሲሄድ ይቀየራል።

በእያንዳንዱ ጠርሙስ ላይ ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ የተቀዳበት ቦታ፣ የቀዳው ሰው ስም በማይለቅ ቀለም ይጻፍ። አቅም ካላችሁ ከዛው ውሃ ሁለተኛ ጠርሙስ ቀድታችሁ ለሌላ ላብራቶሪ በኮድ ብቻ ላኩ፣ ቀበሌውንም ፕሮጀክቱንም ሳትጠቅሱ። ሁለቱ ከተቀራረቡ ልባችሁ ያርፋል። አንድ ነገር ልጨምር፣ ብዙ ወረዳ ላይ በሻንጣ የምትያዝ የመስክ መመርመሪያ ኪት አለች፣ ኪቷ አለች ማለት ግን ትሰራለች ማለት አይደለም፣ የኬሚካሉን ማብቂያ ቀን ማሸጊያው ላይ እዩ፣ እኔ ዓመት ያለፈው አጋጥሞኛል።

ወረቀቱን ማንበብ

ሰው ወረቀቱ ሲሰጠው ቁጥሩ ብዛቱ ያስፈራዋል፣ ለመጀመሪያ ግን ጥቂቶቹን ብቻ ፈልጉ። ኢ ኮላይ በ100 ሚሊሊትር ውስጥ 0 መሆን አለበት፣ 1 ከሆነም ሰገራ ነክቶታል ማለት ነው። ፍሎራይድ በሊትር ከ1.5 ሚሊግራም አይበልጥ። ናይትሬት ከ50፣ አርሴኒክ ከ0.01 ሚሊግራም አይበልጥ። ድፍርስነቱ (NTU በሚባለው መለኪያ) ከ5 በታች ይሁን፣ ክሎሪን የሚጨመርበት ከሆነ ደሞ ከ1 በታች ቢወርድ ክሎሪኑ በደንብ ይሰራል።

መለኪያውን ግን ልብ በሉ። አርሴኒክ በማይክሮግራም ከተጻፈ 10 ነው ገደቡ፣ በሚሊግራም ከሆነ 0.01፣ አንድ ሺህ እጥፍ ልዩነት ነው፣ አንድ ሰው ይሄን አሳስቶ መንደር ሙሉ ሊያስደነግጥ ወይ ሊያዘናጋ ይችላል። ናይትሬትም "እንደ ናይትሮጅን" ተብሎ ከተጻፈ ገደቡ 11 ነው እንጂ 50 አይደለም። "አልተገኘም" የሚል ካያችሁ ደሞ "መሳሪያው ከስንት ጀምሮ ነው የሚለየው?" ብላችሁ ጠይቁ፣ ምክንያቱም ከገደቡ በላይ ብቻ የሚያይ መሳሪያ "አልተገኘም" ቢል ምንም አልነገራችሁም።

ውጤቱ መጥፎ ከሆነ

ኢ ኮላይ ከተገኘ አብዛኛውን ግዜ መላ አለው። መጀመሪያ ዙሪያውን እዩ፤ ሽንት ቤት በ10 ሜትር ውስጥ ወይ ከላይ በኩል አለ ወይ፣ ሲሚንቶው ተሰንጥቋል ወይ፣ የፈሰሰው ውሃ ኩሬ ሰርቶ ከብት ይጠጣበታል ወይ፣ አጥር አለው ወይ። መንስኤው ይስተካከል፣ ጉድጓዱ በክሎሪን ይታጠብ፣ እንደገና ይመርመር። የቦኖው ውሃ ንጹህ ሆኖ የቤት ጀሪካኑ ሲቆሽሽም አለ፣ ስለዚ ከሁለት ሶስት ቤት ጀሪካንም ናሙና ይወሰድ።

ፍሎራይድ ከሆነ ግን ነገሩ ይለያል። ማፍላት አይጠቅምም፣ እንዲያውም ውሃው ሲተን ፍሎራይዱ ይከማቻል። ውሃ አጋር ብትጨምሩም ያው ነው፣ እሱ ለጀርም ነው። ከሁሉ የሚሻለው ሌላ ምንጭ ማግኘት ነው። ካልሆነ ማቀላቀል ይቻላል፣ ለምሳሌ 3 ሚሊግራም ያለው አንድ እጅ ውሃ 0.5 ካለው ሁለት እጅ ጋር ቢቀላቀል ወደ 1.3 ይወርዳል። በተቃጠለ የከብት አጥንት የሚያጣራ ዘዴ አለ፣ ህንድ ውስጥ የተሰራው ናልጎንዳ የሚባለው በአልሙኒየም ሰልፌትና በኖራ የሚያወርድም አለ፣ ሁለቱም ኢትዮጵያ ውስጥ ተሞክረዋል። ግን አጥንቱ ይሞላል፣ ከሞላ በኋላ ውሃው እንደገባ ይወጣል፣ ስለዚ በየግዜው የሚለካ ሰው ከሌለ ባይኖር ይሻላል፣ ሰው ተጣርቷል ብሎ ይዘናጋበታል። "የምን እንስሳ አጥንት ነው?" የሚል ጥያቄም ይመጣል፣ ተገቢ ጥያቄ ነው፣ ከመጀመሪያው ለቄሱም ለሼኩም በግልጽ ንገሩ። ይሄ ሁሉ እስኪሆን ያ ውሃ ለልብስ ማጠቢያ ይሁን፣ የዝናብ ውሃ ወይ የተሻለው ምንጭ ደሞ ለመጠጥና ለወጥ፣ ቅድሚያ ለትንንሽ ልጆች።

ብር የምትልኩ ሰዎች

ውሉ ላይ ሁለት ነገር አስገቡ። አንድ፣ የመጨረሻው ክፍያ የሚለቀቀው የፓምፒንግ ቴስት ሪፖርቱና የላብራቶሪ ውጤቱ ሲደርስ ነው፣ ከምርቃት በፊት። ሁለት፣ ላብራቶሪው ውጤቱን ለኮንትራክተሩ ብቻ ሳይሆን በቀጥታ ለኮሚቴውና ለእናንተ ይልካል። ከሰበሰባችሁት ላይ ለቀጣይ ዓመታት ምርመራ የሚሆን ብር ለይታችሁ አስቀምጡ፣ በሮቶው ላይ ስማችሁ ከሚጻፍ እሱ ይበልጣል ብዬ ከልቤ አምናለሁ።

ከምርቃቱ በኋላ

ውሃ ይቀየራል፣ ስለዚ ቢያንስ በዓመት ሁለቴ ይመርመር። አንዴ ክረምቱ ሲገባ፣ ሐምሌ አካባቢ፣ ጎርፍ ቆሻሻ ይዞ የሚገባበት ግዜ ነው፣ አንዴ ደሞ መጋቢት ላይ በበጋው መጨረሻ። ክሎሪን የምትጨምሩ ከሆነ 10,000 ሊትር ታንከር ላይ በሊትር 1 ሚሊግራም ለማድረስ 70 በመቶ የሆነው የክሎሪን ዱቄት 14 ግራም ገደማ ይበቃል፣ ግን ሂሳቡን ብቻ አትመኑ፣ መጨረሻ ያለው ቦኖ ላይ ለኩት። የክሎሪን መለኪያዋ ትንሽ ኪኒን የተቀዳው ውሃ ውስጥ ስትሟሟ ውሃው ሮዝ ይሆናል፣ ሮዙን ከቀለም ሰሌዳው ጋር ታስተያያላችሁ፣ ከ0.2 እስከ 0.5 ከሆነ ጥሩ ነው፣ ምንም ካልቀላ ክሎሪኑ መንገድ ላይ አልቋል። ለዚህ የቦኖ ጠባቂዋን ማሰልጠን ግማሽ ቀን አይፈጅም።

ለቢሮ ስትጽፉ በአክብሮት ግን በቁርጥ ጻፉ፣ ለምሳሌ እንዲህ፦ "ጤና ይስጥልን አቶ እገሌ፣ የእንዲህ ያለ ቀበሌ የውሃ ኮሚቴ ነን። ጉድጓዳችን መጨረሻ የተመረመረበትን ቀንና የውጤቱን ኮፒ እንዲሰጡን፣ ያልተመረመረ ከሆነም በዚህ ወር ናሙና እንዲወሰድልን እንጠይቃለን። ናሙና ሲወሰድ ከኮሚቴው ሁለት ሰው እንዲገኝ ይፍቀዱልን። ለጤና ጽ/ቤት በግልባጭ አሳውቀናል።" ግልባጩን አትርሱ፣ በሁለት መሳቢያ ያለ ወረቀት በቀላሉ አይጠፋም። ደብዳቤው ሲገባ መዝገብ ቁጥሩን ተቀበሉና ደብተራችሁ ላይ ጻፉት።

ውጤቱ ሲመጣ ደሞ ቦኖው ላይ ሰሌዳ ስቀሉ። ሰፈሩ በሚናገረው ቋንቋ፣ ኦሮምኛ ከሆነ በኦሮምኛ፣ አማርኛም ካለ በሁለቱም፦ የተመረመረበት ቀን፣ ኢ ኮላይ ስንት፣ ፍሎራይድ ስንት፣ የሚፈቀደው ስንት፣ ማን መረመረው፣ ቀጣዩ ምርመራ መቼ ነው። ከስር ደሞ ቀኑ ካለፈ የሚደወልበትን የኮሚቴውን ስልክ ጻፉ፣ ቁጥሩ በዝናብ እንዳይለቅ በዘይት ቀለም ይሁን።